እናቴ ተቅማጣቸውን ለሐኪም እንዳልናገር አስምለውኛል

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመታቸው ነው። በማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መጥተው፣ እኔ ዘንድ ሆነው የጨረር ሕክምና ይከታተላሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሲስፕላቲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ጀመራቸው፤ አሁን በቀን 5 እና 6 ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። ታክሲ ውስጥ እንዳያመልጣቸው በመፍራት ከዋዜማው ጀምረው ምግብም ውሃም አይቀምሱም። «ሕክምናውን ያቋርጡብኛል» በማለትም ለሐኪሞቹ እንዳልናገር አስምለውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተቅማጡ በጨረር ሕክምናው የመጣ ከሆነ በሽታው ባሰ ማለት አለመሆኑን በቅድሚያ ለእናትዎ ይንገሩልን። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ እየረገፈ በአዲስ የሚተካ ሲሆን፣ ወደ ማህፀን አካባቢ የሚላከው ጨረር በአቅራቢያው ያለውን አንጀትም ስለሚነካ መተካቱ ይዘገያል፤ በዚህም የተነሳ አንጀት ውሃን፣ ቅባትንና የወተትን ስኳር በሚገባ መምጠጥ ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩ ካለቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተዋል።

እጅግ ያሳሰበን ውሃ መተዋቸው ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በመሆኑ፣ ተቅማጥ ባደረቀው ሰውነት ላይ ሲሰጥ አደጋው ይጨምራል። በተጨማሪም ብዙ የጨረር ክፍሎች ታካሚዋ ፊኛዋ ሞልቶ እንድትተኛ የሚያዙት፣ የሞላ ፊኛ ትንሹን አንጀት ከጨረሩ መንገድ ገፋ ስለሚያደርገው ነው፤ ስለዚህ ሳይጠጡ መሄዳቸው ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። የኦአርኤስ ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥብጡላቸውና ባስቀመጣቸው ቁጥር አንድ ብርጭቆ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ለመንገዱ የአዋቂ ዳይፐርና ቅያሪ ልብስ ቢይዙላቸው ጭንቀታቸው ይቀልላል፤ በዚህ ሊያፍሩ አይገባም።

እንጀራን ጨርሶ መከልከል አያስፈልግም። በርበሬና ቅቤ የበዛበትን ወጥ፣ ጥሬ አትክልትን፣ ወተትንና ቡናን ግን ለጊዜው ይቀንሱላቸው፤ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላልና የአጃ አጥሚት ይስማሟቸዋል። ሆድ የሚያለሰልሰውን ተልባ አይስጧቸው። የሚጾሙ ከሆነ፣ የታመመ ሰው በጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይበልጥ ያምናሉ።

ሎፔራማይድ የተባለው መድኃኒት ተቅማጡን ሊያስታግስ ይችላል፤ ሆኖም ምክንያቱ አሜባ ወይም ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪማቸው ሳያዩና፣ ካስፈለገም የሰገራ ምርመራ ሳይደረግ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይስጧቸው። በዚህ ዓይነት ተቅማጥ ምክንያት ሕክምናው የሚቋረጠው ተቅማጡ ሲበረታ ብቻ ነው፤ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መድኃኒትና የምግብ ምክር ሰጥተው ይቀጥላሉ። ሕክምናውን የሚያስተጓጉለው ይልቁንም ተደብቆ የቆየ ተቅማጥ አድክሟቸው ሲወድቁ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ጨረር ደግሞ በማህፀን በኩል በሚገባ መሣሪያ ከሚሰጠው የውስጥ ጨረር ጋር በ8 ሳምንት ውስጥ ቢጠናቀቅ ውጤቱ የተሻለ በመሆኑ፣ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው።

ትኩሳት፣ በሰገራ ውስጥ ደም፣ ማስመለስ፣ ሲነሱ ማዞር ወይም የሽንት ማነስ ከታየ፣ ወይም ተቅማጡ ከዚህ ከበዛ ሳያሳድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር ነገ ወደ ጨረር ሲሄዱ ጉዳዩ ይነገር። መሐላው ከከበደዎት፣ እናትዎ ራሳቸው አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ለአንዲት ሴት ነርስ ለብቻቸው እንዲነግሯት ይለምኗቸው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጣቸውና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ቢያስይዟቸው፣ ቃል ባይወጣቸውም ወረቀቱን መስጠት አያቅታቸውም።