«አታጭስ» ሲባል ልጁ ምን ይሰማል?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት የጤና መልእክት በማዘጋጀት ሥራ ነው። ከእናንተ መካከል የፀረ ሲጋራ ማስታወቂያ ወጣቱ ጆሮ የማይገባው ለምን እንደሆነ ለማጥናት የተነሳችሁ እንዳላችሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የጠቆረ ሳንባ ፎቶ ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍሉ ጸጥ ሲል የተሳካልኝ መሰለኝ። ከኋላ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄ የሽማግሌ ሳንባ ነው አይደል?» መልስ አጣሁ። እኔ የማወራው ከአርባ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ በሽታ ነው። እሱ የሚያስበው ከትምህርት ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ስለሚቆምበት ጥግ ነው።

አሜሪካ የሆነውን እዩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ «አስብ፣ አታጭስ» የሚል የወጣቶች ዘመቻ ጀመረ። በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ከሲጋራ ኩባንያዎች ባገኘችው የካሳ ገንዘብ «እውነት» የተባለ ዘመቻ ከፈተች። ሲዘጋጅ ልጆቹ ራሳቸው ነበሩበት። መልእክቱም «አታጭሱ» ሳይሆን «ኩባንያዎቹ እየዋሿችሁ ነው» የሚል ነበር። በ2000 ዘመቻው አገር አቀፍ ሆነ። በአንዱ ማስታወቂያ ወጣቶች 1,200 የአስከሬን ከረጢት ተሸክመው ከሲጋራ ኩባንያ ሕንፃ ደጅ ይከምራሉ። አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ሲጋራ የሚገድለው ሰው ያን ያህል ነው ለማለት።

ፍሎሪዳ ውስጥ በሁለት ዓመት የሚያጨሱ የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ18.5 ወደ 11.1 በመቶ ወረዱ። በ2002 የወጣ ጥናት ደግሞ «አስብ፣ አታጭስ»ን ያዩ ልጆች ለማጨስ ያላቸው ዝንባሌ ጨምሮ አገኘው። እኔን አልገረመኝም። ለዚያ ዕድሜ ሲጋራ የትልቅ ሰው ነገር ነው። «ልጅ ነህ፣ አይፈቀድልህም» ባላችሁት ቁጥር ይበልጥ ታስጎመጁታላችሁ። የሥነ ልቦና ሊቁ ጃክ ብሬም ነፃነቱ የተነካ ሰው የተከለከለውን አብዝቶ እንደሚሻ የጻፈው ገና በ1966 ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያ አሳይታችሁ «ወደድከው?» አትበሉት። አዎ ብሎ ይገላገላችኋል። «ማን ነው እያናገረህ ያለው? ምን አለህ?» በሉት። በራሱ አፍ ይንገራችሁ። መምህሩ ክፍል ውስጥ አይኑር። ለብቻው ሲሆንና ጓደኞቹ አጠገቡ ሲሆኑ የሚናገረው ለየቅል ነውና ሁለቱንም ስሙ። የማስታወቂያውን ወጪ ማን እንደከፈለም ጠይቁ።

እኔ ያን ቀን ፎቶዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። «ታዲያ ምን ላሳይህ?» ብዬ ልጁን አልጠየቅኩትም። እስካሁን ይቆጨኛል።