ስልክ ሰክቶ ማደር

ጥያቄ፦ ማታ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ እተኛለሁ፣ ልጄ ደሞ ባትሪውን ትገድይዋለሽ እያለች ትነቅለዋለች፣ ጭራሽ ሳይዘጋ አትሰኪው ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ የአሁን ስልኮች ሲሞሉ ራሳቸው መቀበል ያቆማሉ፣ ግን ውስጣቸው ያለው የሊቲየም ባትሪ 100 ፐርሰንት ላይ ብዙ ሲቆይ ቶሎ ያረጃል፣ በተለይ ከሞቀ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ልጅዎ ልክ ነች። እባክዎ ትራስ ስር ወይ ብርድልብስ ላይ አድርገው አይሰኩት፣ ይሄ ለራስዎም አደጋ ነው! እስኪዘጋ መጠበቁ ግን ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ልማድ ነው፣ ሊቲየምን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። 20 አካባቢ ሲደርስ ሰክተው 80 ላይ ቢነቅሉት ይመረጣል፣ ሴቲንግ ውስጥ 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው ያብሩት። ባትሪው ካበጠ ግን ጭራሽ አይሰኩት፣ ያስቀይሩት።