መምህራንን ለሰርቪስ ለርኒንግ ኮርስ ማዘጋጀት፦ የሁለት ቀን ስልጠና ምን ይሠራበት?

ጠያቂያችን፣ «በሚቀጥለው ሴሚስተር ስምንት መምህራን ተማሪዎችን ቀበሌ ይዘው እየወጡ ሊያስተምሩ ነው፤ ለስልጠና የተፈቀደልን ሁለት ቀን ነው፤ ምን እናካትት?» ብለዋል። ከሁሉ በፊት ሁለቱን ቀን ባንዴ አይጨርሷቸው። አንዱ ቀን ትምህርት ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት ይሁን፤ ግማሽ ቀኑን ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ተማሪዎች መስክ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት ያድርጉት። የመምህራኑ እውነተኛ ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

በሰርቪስ ለርኒንግ (ማኅበረሰቡን እያገለገሉ የኮርሱን ይዘት መማር) ትርጉም ላይ ብዙ አይቆዩ፤ አንድ ልዩነት ከጠራ ይበቃል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ትልቅ አገልግሎት ነበር፤ ግን ከአንድ ኮርስ ይዘት ጋር የተሳሰረ አልነበረም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የገባ ነው፦ ተማሪዎች መረጃ ሰብስበው ችግር ይለያሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ውጤቱን ይገመግማሉ። የእናንተ መምህራን የሚዘጋጁት ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እያንዳንዱ መምህር የራሱን ኮርስ አውትላይን ይዞ ይምጣ፤ ክፍል ውስጥ በምንም መንገድ ሊሳካ የማይችል አንድ ዓላማም ያስምርበት። ለምሳሌ የስታትስቲክስ መምህር ናሙና አወሳሰድን ቢመርጥ፣ የተመረጠው ቤት ተዘግቶ ሲያገኘው ጎረቤቱን ጠይቆ ያለፈ ተማሪ መረጃው ለምን እንደተዛባ በደንብ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ዓላማ ያጣ ኮርስ ወደ መስክ ባይወጣ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ቀበሌው ይሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር፣ የዕድሩን ሊቀመንበር ያነጋግሩ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የቱ ሥራ ሰው አጥቶ ቆሟል? እንግዳ መቀበል የማትችሉት መቼ ነው? ከዚህ በፊት የመጡ ተማሪዎች ምን ትተው ሄዱ? በሁለተኛው ላይ፣ ጅማ አካባቢ ከሆናችሁ፣ የቡና ለቀማ ወራት ይነሳል፤ ቀን ቤት የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። የሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ «መጣችሁ፣ ጻፋችሁ፣ ሄዳችሁ» ነው። መምህሩ ይህን በጆሮው መስማት አለበት፤ በስላይድ ሲነገረው አይሰማውም።

ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ባለው ግማሽ ቀን፣ ብዙ ጊዜ መውሰድ ያለበት መምህሩ ከመስክ መልስ ከተማሪዎቹ ጋር የሚያደርገው ውይይት ነው። ንግግር የለመደ መምህር ዝም ማለት ይከብደዋልና ሁሉም በተራ ተራ ይለማመድ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ተማሪ ይሆናሉ፣ ሃያ ደቂቃ። «እንዴት ነበር?» ብሎ የጀመረ «ጥሩ ነበር» ተብሎ ያበቃለታል። «በሩን የከፈተላችሁ ማን ነው? የትኛው ጥያቄ ላይ ዝም አሉ? ስትወጡ ምን አሏችሁ?» ይበል። ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር። ቀጥሎ ያዩት ነገር ከኮርሱ ከየትኛው ሐሳብ ጋር እንደሚገጥም ወይም እንደሚጋጭ ይጠይቃቸው፤ በመጨረሻ በሚቀጥለው ጉዞ ምን እንደሚቀይሩ። መምህሩ ቶሎ ወደ ማብራራት ከገባ ተማሪው ማስታወሻ መያዝ ይጀምራል፤ ውይይቱም ያን ጊዜ ያልቃል። በአንድ ቡድን ከ15 ተማሪ በላይ አይሁን።

ማርክ ላይ አንድ ነገር አጥብቁ፦ ለቆዩበት ሰዓት ማርክ አይሰጥም፤ ማርክ የሚሰጠው ለተማሩት ነው። አለዚያ የፊርማ ወረቀት የሚያስፈርም ተማሪ ታፈራላችሁ።

መኪናና ሎድ (ለመምህሩ የሚቆጠርለት የማስተማር ሰዓት) ከስልጠናው በፊት በጽሑፍ ይፈቀዱ። የመስክ ሰዓቱ በሎድ ካልተያዘለት መምህሩ ሁለቴ ወጥቶ ሦስተኛውን ለቡድን መሪው ተማሪ ይተዋል። ይህን የመምህሩ ስንፍና ብላችሁ አትዩት።

በሦስተኛው ሳምንት በሚሰበሰቡበት ግማሽ ቀን የቀበሌውም ሰዎች ይጠሩ፤ ቅሬታቸው ሳይጠነክር ይሰማ። ውጤቱ ለነዋሪው የሚቀርብበት ቀንም አውትላይኑ ላይ ከፈተና ሳምንት በፊት ይጻፍ። ከፈተና በኋላ ከተባለ ተማሪው ሻንጣውን ሸክፎ ሄዷል፣ የቀበሌው አዳራሽም ባዶ ይጠብቃል።