18 የፋሲካ እንግዶች እና አንዲት ወጥ ሠሪ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቤትና የማጀት ጉዳይ

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ጥር ወር ትዳር የመሠረትኩ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የባለቤቴ ቤተሰብ የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በአማቴ ቤት ተሰብስቦ ይገድፋል፤ ይህም ከባለቤቴ ልጅነት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮ ግን አማቴን ጉልበታቸውን ስላመማቸው በዓሉ በእኛ ቤት እንዲሆን ተወስኗል። የሚመጣው ሰው 18 ነው፤ ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔም እስከ ጸሎተ ሐሙስ ማታ ሥራ ላይ ነኝ። አማቴ በቅርቡ «እኔ ይህን ሁሉ ብቻዬን ነበር የምሠራው» ብለው ተናገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ከምኑ ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትዎት። እናቴ በሕይወት ሳለች ለብዙ ዓመታት የፋሲካን ሌሊት ቅዳሴ አላስቀደሰችም። ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ነጭ ለብሰን ጧፍ ይዘን ስንወጣ፣ እርሷ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ በዱካዋ ላይ ተቀምጣ ወጥ ታማስል ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተመልሰን «እንኳን አደረሰሽ» ስንላት ዓይኗ በሽንኩርትና በጭስ ቀልቶ እናገኛት ነበር። 55 ቀን ሙሉ ከማናችንም በላይ ጠንክራ የጾመችው እርሷ ነበረች፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ያልሰማችውም እርሷ ብቻ ነበረች። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልዎት ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እሳትዎ ጠፍቶ፣ እርስዎም ነጠላዎን ለብሰው ከእንግዶችዎ ጋር ወደ ቅዳሴው እንዲሄዱ ነው።

ለዚህ ደግሞ ቀዳሚው እርምጃ የሌሊቱን ማዕድ ከእሑድ ምሳ መለየት ነው። ብዙ ባለቤቶች የሚደክሙት ክትፎውን፣ ጥብሱን፣ ዱለቱንና ዶሮውን በአንድ ጊዜ ለማቅረብ ስለሚሞክሩ ነው። ነገር ግን ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሥጋና ቅቤ ያልነካ ሆድ በሌሊት ያን ሁሉ አይችልም፤ እንግዳውም ቢሆን እንቅልፍ ይዞታል። ለሌሊቱ ሆድ የሚያለሰልስ ተልባ፣ ዶሮ ወጥ፣ አይብና ድፎ ዳቦ ይበቃል። የቅርጫው ሥጋ ለምሳ ይቆይ፤ ለምሳ የሚመጣውም ሰው ምናልባት ሌሊት ከመጣው ያነሰ ይሆናል።

አሁን ወደ ዶሮው እንምጣ፤ የበዓሉ ድካም አብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ18 ሰው 2 ዶሮ ከ18 እስከ 24 እንቁላል ጋር በቂ ነው። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እንደሚያስፈልግ ካሰብን፣ የሚጠብቅዎት 5 ወይም 6 ኪሎ ሽንኩርት መክተፍና ማቁላላት ነው፤ ይህ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ሁሉ ይህን ሥራ ለቅዳሜ ሹር ያቆየዋል፤ እንዲቆይ የሚያስገድድ ምክንያት ግን የለም። ቁሌቱ ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም ነው። ስለዚህ በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ያቁላሉት፤ ውሃውን መጥጦ ቀለሙ ሲለወጥ ዘይት ይጨምሩበትና በርበሬውን ይነስንሱበት። ከዚያ በኋላ የሞቀ ውሃ ጠብ እያደረጉ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪጠፋ ያማስሉት። ሲበርድ በሁለት ዕቃ ከፍለው በፍሪዘር ያስቀምጡት፤ ዓርብ ማታ ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል አውርደው እንዲቀልጥ ይተውት። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቀኑ የስግደት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሥራ አይያዙበት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤትዎና ወንድሞቹ ዶሮዎቹን አርደው፣ ላባቸውን ነጭተው፣ ቆዳቸውን ገፈው ያስረክቡ። ዶሮ መበለቱን ለአማትዎ ይተዉላቸው። የታመመው ጉልበታቸው ነው እንጂ እጃቸው አይደለም፤ በምቹ ወንበር ተቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ መክተፊያ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ሎሚና ጨው ያለበት የውሃ ጎድጓዳ ሳህን ቀርቦላቸው፣ መገጣጠሚያውን በጣታቸው እየፈለጉ ሲያወጡ ማየት ለእርስዎም ትምህርት ነው። «እማዬ፣ ብልቱ በእርስዎ እጅ ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል» ይበሏቸው። «ብቻዬን ነበር የምሠራው» ያሉት እርስዎን ለማሳነስ ነው ብዬ አላምንም። ለዓመታት የእርሳቸው የነበረ ቦታ ከእጃቸው ሲወጣ ተሰምቷቸው ይሆናል። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣም እርሳቸው ይናገሩ።

ቁሌቱን ቀን 5 ሰዓት ላይ ከጣዱትና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ንጥር ቅቤ ጨምረው ዶሮውን ከከተቱበት፣ የሐበሻ ዶሮ እንኳ ቢሆን ከቀኑ 10 ሰዓት አያልፍም። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንከር ስለሚል እሳቱን አያቻኩሉት። በመጨረሻ የተቀቀለው እንቁላልና መከለሻው ይገባል።

እዚህ ላይ አዲስ ወጥ ሠሪን ሁሉ የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ፤ ወጡ የሚሠራው በጾም ስለሆነ ባለሙያዋ ራሷ አትቀምሰውም። እናቴ በሽታው ታውቀው ነበር፤ ይህ ግን በብዙ ዓመት የሚመጣ እውቀት ነው። ለእርስዎ የምመክረው፣ ከእንግዶቹ መካከል ገና ለጾም ያልደረሰ ልጅ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጣ ማድረግና በትንሽ እንጀራ አጥቅሶ እንዲቀምስልዎት መጠየቅ ነው። የ5 ዓመት ልጅ «ጨው አንሶታል» ለማለት ሰው አይፈራም። ልጅ ከሌለ ጨውን አሳንሰው ይጨምሩና ሌሊት ወጡ ሲሞቅ ያስተካክሉት፤ ያነሰ ጨው ይጨመራል፤ የበዛ ግን አይመለስም።

ወጡ ከወረደ በኋላ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት በትልቁ ድስት እንደሞቀ አይተውት፤ 11 ሰዓት ያህል ለብ ብሎ የሚቆይ የዶሮ ሥጋ ሊበላሽና ሊያሳምም ይችላል። በሦስት ትናንሽ ድስቶች ከፍለው በቶሎ እንዲበርድ ያድርጉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ በደንብ እስኪፈላ ያሙቁ፤ ሦስተኛው ለምሳ ይሁን። በበዓል ዋዜማ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የጋዝ ምድጃ ይዘጋጅ። ከሰል መጠቀም ግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

እንጀራን በተመለከተ፣ ሊጡ ለመቡካት ብቻ 3 ቀን ያህል ስለሚፈልግ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይመችም። ከሚያምኗት ጋጋሪ ለሌሊቱና ለምሳው 60 ያህል እንጀራ እስከ ሰኞ ድረስ ይዘዙ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ። ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም።

ሌላው ትልቁ ችግራችን አንደበታችን ነው። እህት፣ ዋርሳ ወይም ጎረቤት «ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም፤ ራስህን ብቻ» እንላለን፤ ከዚያም ማጀት ገብተን እናለቅሳለን። ጠያቂው ከልቡ ነው የጠየቀው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር በስሙ ጠርተው ይንገሩት፤ አንዷ ድፎ ዳቦውን፣ ሌላዋ አይቡን፣ ሦስተኛዋ የተወቀጠውን ተልባ፣ ወንዶቹ ቄጤማውንና ለስላሳውን ያምጡ። ጠላ በአማትዎ ቤት የሚጠመቅ ከሆነ ከዚያው ይምጣ፤ አዲስ አይጀምሩ። ቡናውን የምታፈላ ልጅም ከአሁኑ ትታወቅ፤ ሌሊት «ማን ያፍላ?» ሲባል የሚነሡት እርስዎ እንዳይሆኑ።

ስለ ቦታው ጥበት ብዙ አይጨነቁ። ወንበርና ትሪ ከዕድራችሁ መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል፤ የዕድር ዕቃ ለኀዘን ብቻ አይደለም። በ4 ትሪ አራት አራት ወይም አምስት አምስት ሆነው ቢቀርቡ 18 ሳህን ከማጠብ ይድናሉ፤ ትልልቆቹ ሶፋው ዘንድ፣ ወጣቶቹ መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ቢሆኑ ማንም አይቀየምም። እጅ ማስታጠቡን ለልጆች ይስጡ፤ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነርስ ነኝ። ቤተሰብ አጠገባቸው የሌለ 10 ያህል ጓደኞቼን ለፋሲካ ጠርቻለሁ፤ ቅዳሜ ግን ተረኛ ነኝ። ወጥ በጣድኩ ቁጥር ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ጎረቤቶቼም ያጉረመርማሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የእኛ ፋሲካ በአብዛኛው ከፈረንጆቹ ጋር አይገጥምም፤ በ2025 ኤፕሪል 20 ሁለቱ በአንድ ቀን ውለው ነበር፤ በ2026 ግን የእነርሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። አሠሪዎ ይህን እንዲያውቅ አይጠብቁ፤ የተረኛነት ሰሌዳ ሳይወጣ ቀኑን ጽፈው ይጠይቁ። ቅዳሜን ማስለቀቅ ካልተቻለ ግብዣውን ወደ እሑድ ከሰዓት ያዛውሩት፤ ሌሊቱን ሁሉም በየአጥቢያው አስቀድሶ በየቤቱ ጥቂት ነገር ቀምሶ ይተኛ።

ለጭሱ፣ የማስጠንቀቂያውን ባትሪ በፍጹም አያውጡ። ጭሱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ሽንኩርቱ በኃይለኛ እሳት ደርቆ ድስቱ ሥር ሲይዝ ነው። ሽንኩርቱን ከፋፍለው በሰፊና ወፍራም ድስት፣ በዝቅተኛ እሳት፣ መጀመሪያ ላይ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ያብስሉት፤ በቀስታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ካለዎት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ያድር፤ ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ውሃውን ማስመጠጥ ብቻ ይቀርዎታል። ቁሌቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ሠርተው ፍሪዘር ቢያስገቡት ጎረቤቶችዎ የሚያጉረመርሙበት ቀን አንድ ብቻ ይሆናል። በበዓሉ ማግስት አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ከእንጀራ ጋር ቢልኩላቸውም መልካም ነው፤ ቅመሙ እንደሚያቃጥል አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በበዓል ሰሞን በጣም ትደክማለች። ላግዛት ማጀት ስገባ እናቴ «ወንድ ልጅ ምን ይሠራል እዚህ?» ትላለች። እናቴን ሳላስቀይም ምን ማድረግ እችላለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከማጀት ውጭ ያለው ሥራ ብቻውን ከባድ ነውና ከዚያ ይጀምሩ። ገበያውን፣ የቅርጫውን መደብ መካፈልና ወደ ቤት ማድረስ፣ ዶሮ ማረዱን፣ ጋዙን ማስሞላቱን፣ ወንበር ማምጣቱን ሙሉ በሙሉ ይውሰዱት፤ ሙሉ በሙሉ ማለት «ምን ልግዛ?» ብለው በየሰዓቱ ሳይደውሉላት ማለት ነው። ሽንኩርቱን ደግሞ እናትዎ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ይክተፉት፤ ከተመለሱ በኋላ ቢያዩዎትም አይነሡ፤ ከትፈው ይጨርሱ። እንግዶቹ ሲሄዱም ሰው እስኪጠራዎት ሳይጠብቁ፣ ድስቶቹን ሌሊቱኑ በውሃ ዘፍዝፈው ይተኙ፤ የደረቀ ቁሌት ጠዋት በቀላሉ አይለቅም።