አንዱን ፎቶ ሁለት ቦታ አትቅዳው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ጉዱማሌ ላይ ያነሳኸው የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላ ፎቶ «በዓል» ፎልደር ውስጥ ይግባ ወይስ «ሐይቅ»? ከሁለቱም አውጣው። ፎልደሮችህን በዓመትና በወር ብቻ ክፈል፤ «በዓል»፣ «ሐይቅ»፣ «ሐዋሳ» የሚሉትን ግን ታግ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል፣ አድርጋቸው። ፎቶው የተነሳበት ቀን አንድ ነው፤ ታግ ግን አሥርም ቢሆን ይሸከማል፣ ዲስክህንም አያጣብብም። ዲጂካም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራልሃል።

አደራ፣ ታጎቹ በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ እንዲጻፉ ፕሮግራሙን በማስተካከያው (Settings) እዘዘው። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ባለው በፕሮግራሙ የመረጃ መዝገብ (ዳታቤዝ) ብቻ አስቀምጫቸው ኮምፒውተሬ ተበላሸ። ፎቶዎቹ በውጫዊ ዲስክ ተረፉ፤ የሦስት ዓመት ታግ ግን ጠፋ። አሁንም አንድ በአንድ እየከፈትኩ እንደገና እየጻፍኩ ነው።