የሰርቨር ሳጥን ለትንሽ ኢንተርኔት አቅራቢ ይበጃል? ጥያቄና መልስ ከዘበኛው ጋር

ዘበኛው፦ እንግዲህ ጠይቁ። የማወራው ሃርድዌሩና ሶፍትዌሩ ተሰናድቶ አብሮ ስለሚሸጠውና በብራውዘር ስለሚታዘዘው ሳጥን፣ ማለትም አፕላያንስ ስለሚሉት ነው። የራውተር ጥያቄ አልመልስም። ደግሞ የማስተዳደሪያ ገጹን ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ። ይህን ገና ስደጋግመው ትሰማላችሁ።

ጀማሪው፦ የትኛው ሳጥን ጥሩ ነው?

ዘበኛው፦ ለምኑ? የድረ ገጽ ስም ተቀብሎ አድራሻውን ለሚያመጣው ዲኤንኤስ? የሚፈለግ ይዘት ቅጂ አቅርቦ ለሚያስቀምጠው ካሽ? ስንት ደንበኛ አላችሁ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ ቴክኒሻኖቹ ሁለት ብቻ ነን። ሊነክስ በሚባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ላይ ራሳችን ከምንሠራው ሳጥን ብንገዛ አይሻልም?

ዘበኛው፦ ለሁለት ሰው ሳጥን ጊዜ ይቆጥባል፤ አልክድም። ግን የኮባልት ራክን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ስስ ሰርቨር ነው። ዌብ፣ ሜይልና ዲኤንኤስ በአንድ ገጽ ይታዘዙለታል። ሊነክስ የማያውቅ ሰው እንኳ የደንበኛ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ይጨምርበት ነበር። ትናንሽ አቅራቢዎች ወደዱት። ችግሩ የሚመጣው ገጹ የማያውቀውን ነገር ስትፈልግ ነው። የቅንብር ፋይሉን በእጅህ ስታስተካክል ገጹና ፋይሉ ይጣላሉ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ በ2000 ሠሪውን ኮባልትን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። በ2003 ምርቱን አቆመው። ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ይሠራል፣ ባለቤት ግን የለውም። ስለዚህ ሻጩን ስለ ፍጥነት ከመጠየቃችሁ በፊት የደህንነት አፕዴት መቼ እንደሚቆም ጠይቁት። ኮንፊገሬሽኑ በተራ ጽሑፍ ተገልብጦ ይወጣ እንደሆነም ጠይቁ። ካልወጣ ሌላ ቤት መሄድ አትችሉም።

ገመዱ፦ የካሽ ሳጥን ባንድዊድዝ (የመስመር አቅም) ይቆጥብልናል?

ዘበኛው፦ የድሮው ዓይነት፣ ያለፈውን ሁሉ የሚያስቀረው፣ ዛሬ ብዙ አይጠቅምም። አብዛኛው ትራፊክ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሯል። ሳጥኑ ውስጡን አያይም፣ ያላየውን አያስቀምጥም። የሚሠራው የይዘቱ ባለቤት ራሱ የሚሰጠው ነው፤ የኔትፍሊክስ ኦፕን ኮኔክት ወይም የጉግል ግሎባል ካሽ። ሳጥኑን እነሱ ይሰጣሉ፣ ቦታና መብራት ከእናንተ ነው። ውስጡ አትገቡም። በቂ ትራፊክ ከሌላችሁም አይሰጧችሁም። ያኔ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ላይ እነሱን ማግኘት ይሻላል።

ብልጡ፦ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የራሳችንን ሰርተፊኬት ብንጭንና ምስጠራውን ብንፈታውስ?

ገመዱ፦ ይሄማ የሰው ደብዳቤ ቀዶ ማንበብ ነው! ባንካቸውንም ልታነብ ነው?

ብልጡ፦ ቪዲዮውን ብቻ ነው ያልኩት።

ፍሬው፦ የኔትፍሊክሱ ሳጥን ግን ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ስርዓተ ክወና ነው የሚጠቀመው። ሊነክስ ቢሆን ያን ያህል ትራፊክ የሚሸከም አይመስለኝም።

ሌሊት ተረኛ፦ ተው እንጂ! ግማሽ ኢንተርኔት በሊነክስ አይደል የሚሄደው?

ዘበኛው፦ ብልጡ፣ አይሆንም፤ በቃ። እናንተ ሁለታችሁ ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ሰናይት፦ ዲኤንኤስስ? ለደንበኛ አድራሻ የሚፈልገውንም፣ ስለ ዶሜይኖቻችን የሚመልሰውንም በአንድ የያዘ ሳጥን ሊሸጡልን ነው።

ዘበኛው፦ አሁን ገና ጥያቄ መጣ! ለደንበኞቻችሁ አድራሻ ፈልጎ የሚያመጣው ሰርቨርና ስለ ዶሜይኖቻችሁ ለዓለም የሚመልሰው አንድ ቦታ መቀመጥ የለባቸውም። ፈላጊው ለደንበኞቻችሁ አድራሻዎች ብቻ ይመልስ። ለሁሉም ክፍት ከሆነ አጥቂ የሌላ ሰው አድራሻ አስመስሎ ትንሽ ጥያቄ ይልካል። ትልቁ መልስ ተጠቂው ላይ ይዘንባል፣ መሣሪያው እናንተ ናችሁ። ደግሞ ሁለት ፈላጊ ይኑራችሁ። አንድ ስዊችና አንድ መብራት ላይ የተሰኩ ሁለት ሳጥኖች ግን እንደ አንድ ናቸው። ቢቻል ሶፍትዌራቸው ይለያይ፤ ባይንድና አንባውንድ ለምሳሌ። አንዱን የሚጥል ስህተት ሌላውን ላይነካው ይችላል። ይህ ሥራ ለትንሽ አቅራቢ ተራ ማሽን ይበቃዋል፣ ውድ ሳጥን አይፈልግም። ዲኤንኤስ ሲቆም መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ደንበኛው «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ነው የሚደውለው።

ሰናይት፦ ሜይልስ?

ዘበኛው፦ ሜይል አልነካም። ሥራዬ ብለው ለያዙት ስጡት።

ብልጡ፦ ቤት ሆነን እንድናስተዳድረው ገጹን ብንከፍተውስ? ፓስወርዱ በጣም ረጅም ነው።

ዘበኛው፦ ምን አልኩ? አትክፈቱ! ፓስወርድ ሳይጠይቅ የሚያስገባ ቀዳዳ ሲገኝ ርዝመቱ ምን ይሠራል? በቪፒኤን፣ በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ግቡ።

ጀማሪው፦ እሺ ጋሼ፣ 800 ደንበኛ አለን። ራዲየሱንም (የደንበኛን መግቢያ የሚፈትሸውን)፣ ዲኤንኤሱንም፣ ሂሳቡንም የሚይዝ የትኛው ሳጥን ጥሩ ነው?

ዘበኛው፦ አሁንም «የትኛው»! ሁሉን የያዘ ሳጥን ሲሞት ሁሉን ይዞ ይሞታል። ራዲየሱን ለይ። ብሮሹሩ ላይ ያለው የደንበኛ ቁጥር አያታልህ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ 800ውም ባንድ ጊዜ ልግባ ይላሉ። በሴኮንድ ስንት መግቢያ እንደሚያስተናግድ ጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ ገዝተህ ሳይሆን ተውሰህ ሞክረው።

ጀማሪው፦ የ3 ዓመት ዋስትና አለው እኮ።

ዘበኛው፦ ዋስትናው ሳጥን ይተካል፣ የደንበኛ ዝርዝርህን አይተካም። ባክአፕ አለህ?

ጀማሪው፦ በየሌሊቱ ይወስዳል።

ዘበኛው፦ የት ነው የሚያስቀምጠው?

ጀማሪው፦ እዚያው ሳጥኑ ላይ።

ዘበኛው፦ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ማሽን ገልብጠው። ስለ ሳጥኑ ነገ እናወራለን።