ለፓርኪንሰን ኪኒን ዋጋ ጥያቄሽ

«ሲነሜት ተወደደብኝ፣ የአባቴን ኪኒን በግማሽ ብቀንስላቸውስ?» ላልሽው፦ መጠኑን አትቀንሺ፣ ስሙን አስቀይሪ።

ሲነሜት የፓርኪንሰን (እጅ እግር የሚያንቀጠቅጥና የሚያገትር በሽታ) ኪኒን የንግድ ስም ነው። ውስጡ ያለው ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎችም በሌላ ስም ያመርቱታል፤ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሐኪሙ የንግድ ስሙን ትቶ የመድኃኒቱን ስም እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ስትገዢ ቁጥሩን (የሌቮዶፓውንና የካርቢዶፓውን ሚሊግራም) እዪ፤ 250/25 እና 100/25 አንድ አይደሉም።

1. የጤና መድን ደብተራችሁን አሳድሺ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂዱ። ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ መድኑ ሙሉውን አይሸፍንም።

2. የሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለው የግሎቹን በስልክ አወዳድሪ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ከነማ ፋርማሲዎችን ይጠይቅልሽ። (በሚኒባስ ሾፌር ማስላክ የለመድነው ነው፤ ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ብቻ አደራ በይው።)

«አርቴን (ሌላ የፓርኪንሰን ኪኒን) ርካሽ ነው፣ እሱን ስጫቸው» የሚልሽ አይጠፋም። ለሽማግሌ ሰው አእምሮ ያምታታል፣ ሽንትም ይይዛል። ያለ ሐኪም እንዳትሞክሪው።

አንድ ከራሴ የደረሰ ልንገርሽ። ቡሬ ሳለን የእናቴ ኪኒን አለቀና «ሁለት ሦስት ቀን ምን ይላል» ብዬ ደመወዝ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ መገላበጥ አቃታቸው፣ ውኃ እንኳ መዋጥ ተሳናቸው። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ኃይለኛ ትኩሳትና መገተር ሊያመጣ፣ ሊገድልም እንደሚችል ሐኪሙ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የአሥር ቀን ሲቀር ነው የምገዛው።